ከከረጢቱ ጀርባ የተጻፈው

ለምወድሽ ልጄ፤

ለጤናሽ እንደምን አለሽ? ባልሽስ? ሕፃኑስ? ቤታችሁስ ሰላም ነው? እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ ደህና፣ እንቅልፌ ደህና፣ ከጥርሴም የቀሩት ተስማምተው ይኖራሉ። ስለ እኔ ሐሳብ አይግባሽ።

አሁን የምነግርሽን ሳትደነግጪ አንብቢው። ኩርፌ በሕይወት አለ። ይህን ያስቀደምኩት፣ ደብዳቤ ስትከፍቺ ከመጨረሻው የምትጀምሪ ልጅ መሆንሽን ስለማውቅ ነው። ውሻሽ ታሞብኝ ነበር፤ ጠንቶበትም ነበር። አሁን ይበላል፣ ይቆማል፣ ትናንትማ የጎረቤት ድመት አባርሮ የሠፈሩን ሰው ሁሉ በጩኸት አስወጣ። የእኔ ልብ ግን ገና ወደ ቦታው አልተመለሰም። እሱ በተኛ ቁጥር እየሄድኩ ደረቱ ላይ እጄን አኖራለሁ። ሲተነፍስ ካልተሰማኝ ተመልሼ መቀመጥ አይሆንልኝም።

ለምን በስልክ አልነገርከኝም ትይኛለሽ። በስልክ አንቺ ሰው አታስጨርሺም። ገና ሰላም ስልሽ፣ አባዬ ድምፅህ ምን ሆኗል እያልሽ እንደ መርማሪ ታፋጥጪኛለሽ። ወረቀት ግን ዝም ብሎ ያዳምጣል። ፊደሌ ገዝፎ፣ መስመሩ አንዱ ባንዱ ላይ ወጥቶ ብታገኚው አትገረሚ። ጠረጴዛው እግሩ ላልቶ ይነቃነቃል።

የነገሩ ሥር ምግቡ ነው። አግብተሽ ስትሄጂ፣ አባዬ አረንጓዴውን ከረጢት ብቻ ግዛለት፣ ሌላ እንዳታስነካው ብለሽኝ ነበር። እኔም ቃልሽን ጠብቄ ኖሬያለሁ። ባለሱቁ ግን መደርደሪያውን ለዋውጦት ኖሯል። እጄ የለመደው ቦታ ሄጄ፣ እጄ የለመደውን የሚያህል ከረጢት ተሸክሜ መጣሁ። ቤት ስከፍተው ሽታው ተለየብኝ፤ እንደ ቆየ ዘይት ይላል። ፍሬውም በጣቴ ጫን ስለው ይፈርሳል። የድሮው ጠንካራ ነበር፣ ሲቆረጥመው እስከ መኝታ ቤት ይሰማ ነበር። ፋብሪካው አሠራሩን ለውጦ ይሆናል ብዬ ራሴን አሳመንኩ። ሰው ማመን የሚፈልገውን ለማመን ምን ይቸግረዋል?

መጀመሪያ በላው። ከዚያ ማሳከክ ጀመረው። ስዳብሰው ጠጉሩ መዳፌ ላይ ይቀራል። ሆዱ ተበላሸ፣ ከውኃ ሣህኑ አልለይ አለ። ጎድኑ በጣቴ እየተቆጠረ ሲመጣ፣ አልጠገበም ይሆናል ብዬ ከዚያው ምግብ ጨመርኩለት። ለካ በሽታውን ነው የጨመርኩለት።

አንድ ቀን ዳቦ ቤት ልንሄድ ወጣን። ያንን ሰፊ መንገድ ታውቂዋለሽ። ኩርፌ ጠርዙ ላይ ሲደርስ ይቆማል፣ እኔም እቆማለሁ። እሱ ሲሄድ እሄዳለሁ። ማንም አላስተማረውም፤ አብረን ስንውል ስናድር ተግባባን። የዚያን ቀን መሀል መንገድ ላይ ስንደርስ ማሰሪያው ከበደኝ፤ ቀጥሎም ወደ ታች ሳበኝ። ኩርፌ ተኝቷል። የመኪና ጥሩምባ ከግራም ከቀኝም ይጮሃል። ልጄ፣ ከየት እንደመጣን፣ ወዴት እንደምንሄድ ጠፋኝ። ፀሐይዋ ፊት ለፊት ስለነበረች ነው። ጎንበስ ብዬ አንገቱን ፈለግኩና አቀፍኩት፤ እዚያው አስፋልቱ ላይ ቁጭ አልኩ። ጥዬውስ የት እሄዳለሁ?

አንድ ባለታክሲ የመኪናውን በር ጓ አድርጎ ወረደ። ስድቡ ከእርምጃው ይቀድማል። አንተ ሽማግሌ፣ ሞት ካማረህ ቤትህ አትሞትም ወይ እያለ መጣ። አጠገቤ ሲደርስ ድምፁ ወረደ። አይዞዎት አባባ፣ እጅዎን ይስጡኝ አለኝ። እጄን ዘረጋሁለት። እሱ ግን በሌላው በኩል ኖሯል፣ ዞሮ መጥቶ ያዘኝ። ከዚያ ኩርፌን እንደ ሕፃን ታቅፎ ኋላ ወንበር ላይ አስተኛው። ወንበሩን አበላሸብህ ብለው፣ ከዚህ የባሰ ስንት ሰው ጭኜ አውቃለሁ አለኝ። እንደዚያም ሆኜ ሳቅሁ።

የእንስሳት ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት፤ ድምፅዋ ቆጣ ያለ፣ እጇ ግን የተረጋጋ። ምን እንደሚበላ ጠየቀችኝ። ደረቅ ምግብ ነው አልኳት። ደረቅ ምግብ ሁሉ አንድ አይደለም፣ ከረጢቱን ያምጡልኝ አለች። ባለታክሲው ቤት ድረስ ወስዶ መለሰኝ። እሷ መርፌ እየወጋችው ስለነበር፣ እስቲ ከጀርባው የመጀመሪያውን መስመር ያንብቡልኝ አለችኝ። መነጽሬን ቤት ረስቻለሁ አልኳት። ባለታክሲው የማያገባው ገብቶ፣ መነጽርዎማ አፍንጫዎ ላይ ነው አለ።

ዕድሜዬን ሙሉ ማተሚያ ቤት ፊደል ስለቅም የኖርኩ ሰው ነኝ። በጀርባ ተገልብጦ የተደረደረ ፊደል አንብቤ ስህተት አወጣ ነበር። የዚያን ሰዓት መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ሐኪሟ ራሷ አነበበችው። በቆሎ ይላል፤ ከዚያ የስንዴ ገለባ፤ ከዚያ ከእንስሳት የተገኘ ተረፈ ምርት ይላል። የየትኛው እንስሳ? ሥጋ ነው፣ ላባ ነው፣ ጥፍር ነው? አይናገርም። ከዚያ ማቅለሚያ። እንዲህ ስትል አስረዳችኝ፦ ምግቡ ውስጥ የገባው ነገር የሚጻፈው በክብደቱ ተራ ነው፤ መጀመሪያ የተጻፈው የበዛው ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ላይ ስም ያለው ሥጋ ይፈለጋል፤ ዶሮ ከሆነ ዶሮ፣ በግ ከሆነ በግ፣ ዓሣ ከሆነ ዓሣ ብሎ የሚናገር። ስቡም የማን ስብ እንደሆነ መታወቅ አለበት። ሩዝ ቢገባበት ጠላት አይደለም፣ ለሆድ እንዲያውም ይስማማል። የዓሣ ዘይት ለቆዳና ለጠጉር ነው። ካልሲየሙ ከፎስፈረሱ ጋር ካልተመዛዘነ ደግሞ አጥንት ይጎዳል።

ይህን ሁሉ ስትል ከረጢቱን አገላበጠች። አባባ፣ ቀኑ እኮ አልፏል፤ ስቡ ተበላሽቶ ነው የሚሸተው፤ ይህን የሚያህል ቁጥር እንዴት አላዩትም አለችኝ። አይቼ ከሆነ ዓይኔን ግንባር ያርገው አልኳት። ሳቀች መሰለኝ፤ ከዚያ ሳቋን ያቋረጠችው መሰለኝ። ወንበር ስባ አስቀመጠችኝና ውሻውን የማይመለከት ነገር ጠየቀችኝ። እሱን እዚህ መጻፍ ወረቀት ማባከን ነው።

ኩርፌ እሷ ዘንድ አደረ። እኔ ቤት ገብቼ በሩን ከዘጋሁ በኋላ አልወጣሁም። ዳቦ አልነበረም፤ ያለ ዳቦ አደርኩ። ባለታክሲው ኩርፌን ሊያመጣልኝ ቃል ገብቶ ስለነበር ኮቴ በተሰማ ቁጥር ብድግ እላለሁ። ከሞተ ለልጄ ምን እላታለሁ እያልኩ ነበር። እውነቱን ልንገርሽ ካልሽ፣ የፈራሁት ያንን ብቻ አልነበረም።

ሲመለስ ቀሎ ነበር፣ እንደ ባዶ ቅርጫት። የተቀቀለ ዶሮና ሩዝ ትንሽ በትንሽ ስጠው ተባልኩ፤ ሆዱ ሲረጋ አዲሱን ደረቅ ምግብ በለብታ ውኃ አርሶ እየቀላቀሉ ማስለመድ። አዲሱን ለመግዛት ልብስ ሰፊዋ ጎረቤታችን አብራኝ ሄደች፤ የሠርግ ቀሚስሽን ያጠበበችልሽ። የሱቁን ከረጢት ሁሉ እያወረደች፣ ጀርባውን ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ታነባለች። ባለሱቁ፣ እንግዲህ ሱቄን ቤተ መጻሕፍት አደረጋችሁት ብሎ አማረረ። እሷም፣ አንተ ቀኑ ያለፈበትን ባታስቀምጥ መች እናነብ ነበር ብላ አፉን አስያዘችው። አንዱ ከረጢት ላይ ትልቅ የዶሮ ሥዕል አለ አለችኝ፤ ጀርባው ግን የዶሮ ጣዕም ያለው ብቻ ነው የሚለው። ዶሮዋ በዚህ በኩል አልፋ ሄዳለች እንጂ አልገባችበትም አለች። በመጨረሻ ዶሮ፣ ሩዝ፣ የዶሮ ስብ፣ እንቁላል፣ የዓሣ ዘይት እያለ የሚቀጥል አገኘንለት። ስቡም እንዳይበላሽ በቫይታሚን የተጠበቀ ነው። እኔም ከረጢቱን ከፍቼ በጣቴ አሸሁት፣ አሸተትኩት። አሁን ሌላ ቢሰጡኝ በማሽተት ብቻ እለየዋለሁ።

ስንመለስ ልብስ ሰፊዋ ክንዴን ይዛ፣ ለልጅዎ ይጻፉላት፣ እርስዎ ካልጻፉ እኔ እጽፋለሁ አለችኝ። ስለ ውሻው እጽፍላታለሁ አልኳት። ስለ ውሻው ብቻ? አለችኝ። ሌላ ምን አለ? አልኳት። እስከ በራችን ድረስ ክንዴን አልለቀቀችም።

እኔ አውቅሻለሁ ልጄ። አንዲት ነገር ከሰማሽ ሥራሽን ጥለሽ፣ አራስ ልጅሽን አዝለሽ ትመጫለሽ። ያንን ሥራ ለማግኘት የደከምሽውን ድካም እኔ ነኝ የማውቀው። አትምጪ። እዚህ የሚያስመጣ ነገር የለም። የቤቱን እያንዳንዱን ጥግ አውቀዋለሁ፤ ምድጃው ያለው ባለበት ነው፣ ወንበሩም ባለበት። ማንም ዕቃ እንዳያዛውርብኝ ብቻ ነው የምፈልገው።

ኩርፌ ቀስ እያለ ዳነ። አንድ ማለዳ ሻይ እየጠጣሁ ሳለ፣ ማሰሪያው ከተሰቀለበት ሲንኳኳ ሰማሁ። በአፍንጫው እየገፋው ነው። እንሂድ ማለቱ ነበር። ብርጭቆዬን ከእጄ ሳላስቀምጥ አለቀስኩ፤ ለማንም እንዳትናገሪ። ወጣን። ጠርዙ ላይ ሲደርስ እንደ ድሮው ቆመ። እኔም ቆምኩ።

ጭንቀቱ ግን አልለቀቀኝም። ሸምግሏል፤ አፉ ዙሪያ ሸብቷል ይሉኛል። ሐኪሟን መልካም ምግብ ስንት ዕድሜ ይጨምርለታል ብዬ ጠየቅኳት። ያለውን ያሳምርለታል፣ የሄደውን አይመልስለትም አለችኝ። ደረጃ ሲወጣ ትንፋሹን አዳምጣለሁ። ያረፈደ ቀን ሄጄ እቀሰቅሰዋለሁ። እሱ የደከመ ቀን እኔ ደግሞ… ተይው። ዛሬ በልቷል፤ ዛሬን ዛሬ እናመስግን።

ሐኪሟ የሰው ሐኪም የሆነ ወንድም አላት። ካልሄዱ እኔ ራሴ መጥቼ እወስድዎታለሁ ብላኛለች። ባለታክሲውም መንገዱን አውቀዋለሁ ይላል። ሁሉም ተማክረውብኛል መሰለኝ። እስኪ አስብበታለሁ።

ፈጣሪ አንቺንም ባልሽንም ይጠብቅልኝ። ክፉ አይንካችሁ፣ እንጀራችሁ አይጉደል፣ ልጃችሁ እናንተን የሚጦር ይሁን። እናትሽ በሕይወት ብትኖር ከዚህ የተሻለ አድርጋ ትመርቅሽ ነበር፤ የእሷን ምርቃት ጨምረሽ ተቀበይኝ።

የላክሽው የልጅሽ ፎቶግራፍ ደርሶኛል። ከአልጋዬ ራስጌ ሰቅዬዋለሁ። ልብስ ሰፊዋ ገብታ ስታየው አውርዳ አቃንታ ሰቀለችው። እባክሽ ስትመልሺልኝ መልኩን ዘርዝረሽ ጻፊልኝ። ግንባሩ ሰፊ ነው ወይስ እንደ እናትሽ ጠበብ ያለ? ጆሮው ከራሱ ጋር የተጣበቀ ነው? ሲስቅ ጉንጩ ይሰረጉዳል? ጠጉሩ ምን ይመስላል? አንድም ነገር እንዳታስቀሪ። ልብስ ሰፊዋን ስጠይቃት፣ ቆንጆ ነው ብቻ ትለኛለች፤ ቆንጆ ማለት ደግሞ መልክ አይደለም።

አባትሽ