በመመሪያዎ እህቴ ስለሆነችው ከውሰር

ለተከበሩ የመኪና ኢንሹራንስ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ኃላፊ
ካርቱም

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎ፣ ቤተሰብዎ፣ እንዲሁም ከበርዎ ውጭ ስንጠብቅ ድምፁን የምንሰማው የቢሮዎ አየር ማቀዝቀዣ እንደምን ከርማችኋል እላለሁ። በዐረብኛ ያስገባኋቸው ማመልከቻዎች መልስ ስላላገኙ ይህንን በአማርኛ መጻፌን እንደ ድፍረት እንዳይቆጥሩብኝ እለምናለሁ። ላይነበብ ነገር እኔ በሚቀናኝ ቋንቋ ልጻፈው ብዬ ነው።

ቀጸላ እባላለሁ። በአገሬ የጂኦግራፊ አስተማሪ ነበርኩ፤ እዚህ በስደት ከሐጅ ዩሱፍ ሰፈር እስከ አርካዊት ሰፈር አምጃድ የምትባለዋን ትንሽ የሕዝብ መኪና እነዳለሁ። ከውሰር የወሎ ልጅ ናት፤ አርካዊት ሰው ቤት ስለምትሠራ ጠዋት ጠዋት የማደርሳት ደንበኛዬ ነበረች። ከረመዳን በፊት ከፊቴ የመጣ ሎሪ ስሸሽ መኪናዬ ጀሪፍ መንገድ ላይ ተገለበጠች። እኔ ተጫጭሬ ተረፍኩ፤ የከውሰር እግር ግን ክፉኛ ተሰበረ፣ ብረት ካልገባለት አይድንም ተባለ። ኢንሹራንሴ የታደሰ ስለነበር ፈጣሪንና መሥሪያ ቤትዎን አመሰገንኩ። ለካ ቸኩያለሁ።

አቤቱታዬ የሚከተለው ነው።

1ኛ፦ አዲሱ መመሪያዎ የሹፌሩ ዘመድ የሆነ ተሳፋሪ ካሳ አያገኝም ይላል። ካሳ ፍለጋ እናቱን ጭኖ የሚገለበጥ ሹፌር መብዛቱን ደርሳችሁበት ይሆናልና ጥንቃቄያችሁን አደንቃለሁ። መመሪያው የወጣው ከአደጋችን በኋላ ሲሆን የሚሠራው ግን ከአደጋችን በፊት ጀምሮ ነው። እኛ በዋና መንገድ ላይ ወደ ኋላ ስንነዳ እንቀጣለን፤ ለመመሪያ መፈቀዱን አላውቅም ነበር።

2ኛ፦ ትራፊኩ ምኗ ነህ ሲለኝ ወንድሟ ነኝ ማለቴ እውነት ነው። በዚህ ከተማ ዘመዱ ካልሆነች ሴት ጋር ብቻውን የተገኘ ወንድ ምን እንደሚደርስበት እርስዎም አያጡትም። ስለዚህ እኛ ሐበሾች ኬላ ላይ ስንደርስ ሁላችንም እህትና ወንድም ነን። ቀጸላና ከውሰር ከአንድ እናት እንዴት ተወለዱ ብሎ የጠየቀን ወታደር የለም፤ የእርስዎም ጸሐፊ ሳይጠይቅ «ዘመድ» ብሎ ማኅተሙን መታበት። የራሳችን መንግሥታት በጦርነት ያላመጡትን አንድነት በአንድ ማኅተም ስለሰጡን ውለታዎ አለብን።

3ኛ፦ ዘመዷ አይደለሁም ብዬ ብምል ካሳው እንደሚታይልን ጸሐፊዎ በደግነት መክሮኛል። ሆኖም በውሸት ቃል ሰጥተሃል ተብዬ መታሰሬ ቢቀር እንኳ፣ ሆስፒታሉ ሴቶቹ ክፍል ከዘመድ በቀር ወንድ አያስገባም። ሾርባ የሚያመጣላት፣ ሐኪም የሚጠራላት ደግሞ ከእኔ ሌላ የለም። ይህንኑ ባማክራት ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች።

«ወላሂ ጋሽ ቀጸላ፣ እንዳትምል። እግሬስ ይቅር፤ ወንድም የለኝም ካልኩ እዚህ አገር ማን አለኝ?» አለችኝ።

ክቡር ሆይ፣ ጨዋነቴ እዚህ ላይ አለቀብኝ። ተናድጃለሁ። አንዱ መሥሪያ ቤት ዘመድ አይደላችሁም ብሎ ይገርፈናል፣ ሌላው ዘመድ ከሆናችሁ አልከፍልም ይላል፤ በመካከል የአንዲት ልጅ እግር እየበሰበሰ ነው።

4ኛ፣ ስለ መኪናዬ ጥገና አቤቱታም ነበረኝ፤ ከዚህ በኋላ ግን ማንሳቱ አሳፈረኝ።

ረጅም ዕድሜ፣ ቀና መንገድና ዘመድ ያልጫነ መኪና እየተመኘሁልዎ፣ በማኅተምዎ የከውሰር ወንድም የሆንኩት፣

ቀጸላ፣ የአምጃድ ሹፌር

ማሳሰቢያ፦ ባለፈው ሳምንት የመሥሪያ ቤትዎ መኪና የቆመችውን አምጃዴን ከኋላ ገጭቷታል። ሹፌርዎ ወርዶ «ማዕሌሽ ያ አኹይ» ብሎ ይቅርታ ጠየቀኝ፤ ወንድሜ ማለቱ ነው፤ ትራፊኩም ሰምቶ ጻፈው። ስለዚህ በመመሪያዎ መሠረት ካሳ አልጠይቅም፤ ቤተሰብ ነን። ሐኪሙ እግሯ እስከ ሐሙስ ብረት ካላገኘ እንደሚቆረጥ ነግሮን ለመቁረጡ የዘመድ ፊርማ ጠይቋል። እኔ ብዕሩን አንስቼ መልሼ አስቀመጥኩት። እርስዎም አሁን በሹፌርዎ በኩል ዘመዷ ነዎትና መጥተው ይፈርሙላት።