ከዘጠኝ እስከ አሥራ አንድ

ውድ አባባ፣

እንደምን ሰነበቱ? ከዳባት ነው የምጽፍልዎ። በሚኒባስ አንድ ሰዓት ለማትሞላ መንገድ ደብዳቤ መላኬ ያስቅዎት ይሆናል። እውነቱን ልንገርዎ፤ ፈርቼ ነው። ፊትዎን ካየሁ አፌ ይያዛል። እርስዎስ የፓርኩ ጠባቂ ሳሉ ለመናገር የከበደዎትን ሁሉ ተራራው ላይ ካለው ካምፕ፣ ከጨነቅ፣ በበቅሎ ጫኞች እጅ ጽፈው አይደል ይልኩልን የነበረው?

ትናንት እህቴ ማንጠግቦሽ ደውላ፣ "አባባ ቅዳሴ ላይ ወደቁ፤ ለዘቢደር እንዳትነግሪ ብለውኛል" አለችኝ። የስኳር መርፌዎን ጠዋት ተወግተው፣ እህል ሳይቀምሱ ቆመው ኖሯል። ከዚያ ወዲህ ምግብ አልወርድ ብሎኝ ሆዴን እንደዚያ የፈተና ጠዋት ይቆርጠኛል። ያስታውሱታል? ስምንተኛ ክፍል ልፈተን ስል በቁርጠት ታጥፌ፣ "ሆድሽ ደኅና ነው፤ የፈራው ጭንቅላትሽ ነው" ያሉኝን? አሥራ ስድስት ዓመት የለፋሁበት ጥናት ከዚያች ቃል ብዙ አልራቀም፤ አንጎል ሆድን እንዴት እንደሚያዝ፣ ረሃብንና ጥጋብን በምን እንደሚያውቅ ነው። እዚህም የመጣሁት የጿሚዎችን የደም ስኳር ልለካ ነው።

ጥፋቱ የኔ ነው። አምና በሬዲዮ፣ "ጤነኛ ሰው ሲጾም አንጎሉ ጉበቱን አዝዞ ያጠራቀመውን ስኳር ያስወጣል፤ አያሳስብም" ስል ጎረቤት ሰብስበው ሰምተውኛል። "ጤነኛ" የምትለዋን ግን አንድ ጊዜ ብቻ ነው ያልኋት። መርፌ የሚወስድ ሰው ሌላ ነው፣ አባባ። መርፌው በልተው ይሁን ጾመው አይጠይቅም፤ ስኳሩን ያወርደዋል። አንጎል ደግሞ ያለ ስኳር አይሠራም። መጀመሪያ ላብ፣ ከዚያ መንቀጥቀጥ፣ ከዚያ መውደቅ። ቀጥሎ የሚመጣውን አልጽፈውም።

በስልክ "ይበላሉ ወይ?" ብዬ ያልጠየቅሁዎ ለምን ይመስልዎታል? መልሰው "አንቺስ ትጾሚያለሽ?" እንዳይሉኝ ነው። አሥራ ሁለት ዓመት ሆድ ይፍጀው ብዬ የያዝሁት ይኸው፤ አልጾምም። ተማርሁ ብዬ አይደለም። መጀመሪያ ሥራ በዛብኝ፣ በኋላ ለመድሁት።

እርስዎ ግን ያውቁ ኖሯል። ዛሬ የነፍስ አባትዎ ዘንድ፣ መምሬ ሰይፈ ሥላሴ ዘንድ ደውዬ፣ እባክዎ አባባን ከጾሙ ይፍቱልኝ ብዬ ለመንኋቸው።

"ልጄ፣ እኔማ ጾሙ ሳይገባ ነው የፈታኋቸው" አሉኝ። "ለታመመ ሥርዓቱ ይፈቅዳል፤ ማለዳ ቀምሰው መርፌዎን ይወጉ ብያቸው ነበር። እርሳቸው ግን፣ 'የራሴን ፈትተውልኛል፤ የዘቢደርን ማን ይፈታልኛል? እስከ ዘጠኝ ሰዓት የምጾመው የኔ ነው፤ ከዘጠኝ እስከ አሥራ አንድ የእርሷ ነው' ብለውኝ ሄዱ። ምን ላድርግ ትያለሽ?"

ስልኩን እንደያዝሁ አለቀስሁ። ተናደድሁብዎም። ማን ይጹሙልኝ አለዎት? ቢሞቱብኝ በማን ዕዳ እንደሞቱ እያሰብሁ የምኖረው እኔ አይደለሁም?

እንግዲህ የዘቢደርን የምትፈታው ዘቢደር ናት። ሁለቱን ሰዓት ይመልሱልኝ። የእርስዎንም ይጨምሩልኝ፤ ጉልበቱ አለኝ፣ ስኳርም የለብኝም። ከደብዳቤው ጋር በሶ ልኬያለሁ፤ የዚሁ የዳባት ገብስ ነው፣ የጾም ነው። ነገ ማለዳ እርሱን ይበሉ፤ መርፌው ከምግቡ ጋር እንጂ ለብቻው እንዳይሆን። ማንጠግቦሽ ቆማ ታያለች፤ አያታልሏትም።

እኔ ምንም ሳልቀምስ በመጀመሪያው ሚኒባስ እመጣለሁ። እርስዎ ምሳዎን ሲበሉ አጠገብዎ ቁጭ እላለሁ፤ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት።

ሆዴ ቢጮህ እንዳይስቁብኝ።

ልጅዎ ዘቢደር