ፓፓያሽ ዘመዱን አገኘ

አንቺ ተጠራጣሪ፣ እንዴት ነሽ? እኔማ ደረቴን ነፍቼ ነው የምጽፍልሽ። ከጓሮሽ የፓፓያ ቅጠል ቀጥፌ ወደዚህ ሥልጠና ስመጣ "ቅጠል ተሸክመሽ ምን ልትሆኚ ነው?" ብለሽኝ አልነበር? እኛ እዚያ አበባውን በማጉያ መነጽር አይተን ዝምድና እንቆጥራለን፤ እዚህ ግን ቅጠሉን ፈጭተው ዲኤንኤውን በማሽን ያነቡታል። ዛሬ ኮምፒዩተሩ የዕፅዋቱን የዘር ሐረግ ሲስል፣ በምትጽፊው የዕፅዋት መጽሐፍ ከፓሽን ፍሩት ጋር ያዛመድሽው ፓፓያ፣ ከምሳ ቤቱ ለምኜ ካመጣሁት ጎመን ጎን ሄዶ ቁጭ አለ! አሠልጣኛችን ስቆ "መልክ ነው ያታለላችሁ፤ ዘመዱስ ይሄ ነው" አለኝ።

የፓፓያውን ጥቁር ፍሬ አኝኬ "ሰናፍጭ ሰናፍጭ ይላል" ያልኩሽ ቀን እንዴት እንደሳቅሽብኝ ትዝ ይልሻል? ሰናፍጭስ የጎመን ወገን አይደል? እንግዲህ አሁን የመሳቅ ተራው የኔ ነው። መጽሐፉ ማተሚያ ቤት ሳይገባ ያንን ምዕራፍ አስተካክዪው።

ቦታ አለቀብኝ፤ ባልሽን ሰላም በዪልኝ፣ ልጆቹን ሳሚልኝ። ጓሮ ስትወጪ ደግሞ ፓፓያውንና ጎመኑን አስተዋውቂያቸው፤ ይሄን ሁሉ ዓመት ጎን ለጎን ቆመው ሰላም ተባብለው አያውቁም።

ምላሰኛዋ