ከወንዛዬ ፍል ውኃ ስለተገዛልን አጥቂ የቀረበ ምስጋና

ለክቡር አቶ አዳነ፤
የጉና ጮራ እግር ኳስ ክለብ የቦርድ ሰብሳቢና የተጫዋቾች መልማይ ኮሚቴ የበላይ፤
ደብረ ታቦር።

ክቡርነትዎ ሆይ፣ ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? ወገብዎስ? ጉልበትዎስ? ስለ ጉልበትዎ አጥብቄ መጠየቄ ያለ ምክንያት አይደለም፤ በክለባችን ውስጥ ጉልበት ብርቅ ነገር ከሆነ ሰንብቷልና፣ እርስዎ ዘንድ የተረፈ ካለ ይጠብቁልን ለማለት ነው። እኔ አምላክ ይመስገን ደኅና ነኝ። ዓይኔ ጥቂት ፈዟል፤ ይህ ፈጣሪ ያደረገልኝ ትልቅ ውለታ መሆኑን የተረዳሁት ግን የእኛን ተከላካዮች ስመለከት ነው።

በዕድሜ ከልጆቼ ታናሽ ነዎት። ክርስትና የተነሡ ዕለት ቤተ ክርስቲያኑን ያናወጡበትን ጩኸት ቆሜ ሰምቻለሁ፤ ከዚያ ወዲህ ካሰሙን ንግግር ሁሉ ፍሬ ነገር የነበረው እርሱ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ይሁን እንጂ ወንበር ይከበራልና አንቱ እያልኩ እጽፋለሁ። ደብዳቤውን በሜዳው በር ላይ መለጠፌም ለማዋረድ አይደለም፤ ሦስት ጊዜ ቢሮዎ ብመጣ «ስብሰባ ላይ ናቸው» ተብዬ ስለተመለስኩና ስብሰባ የሚወድ ሰው ደብዳቤውም በሕዝብ ፊት ቢነበብለት ደስ እንደሚለው ስለገመትኩ ነው።

ነገሩን ለማያውቅ አላፊ አግዳሚ ባጭሩ ላስረዳ። የሊጉ አንደኛ ዙር አልቆ ክለባችን ከሁሉም በታች ተቀምጧል። ያገባናቸው ጎሎች የአንድ እጅ ጣት አይሞሉም፤ ከነዚያም አንዱን ያገባልን የተጋጣሚያችን ተከላካይ በስሕተት በራሱ መረብ ላይ ነው፤ ስሙን ባውቅ ለእርሱም እጽፍለት ነበር። ሁለተኛው ዙር የፊታችን እሑድ በሜዳችን ከይፋግ ቡድን ጋር ይጀመራል። የተጫዋቾች ዝውውር ምዝገባ ደግሞ ዓርብ ማታ ይዘጋል። እስከዚያ የሚያገባ ሰው ካላገኘን እንወርዳለን፤ ከዚህ ሊግ ወርደን የምንደርስበት ደግሞ በገና ዕለት በዱላ የምትመታዋ ሩር ናት፤ ለእርሷም ቢሆን የሚሮጥ ሰው ያስፈልጋል።

እንግዲህ ምስጋናዎቼን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፦ ስለ በረኛው አመሰግናለሁ። ኮሚቴዎ በረኛ ሲመርጥ ልጁን በጽሕፈት ቤቱ በር ሥር አቁሞ አናቱ ጉበኑን መንካት አለመንካቱን እንዳየ ሰምቻለሁ። ነካ፤ ተፈረመ። ቁም ሳጥን ሲገዛም የሚደረገው እንዲሁ ነውና ሥራው ትክክል ነበር። ችግሩ ተጋጣሚዎቻችን ክፉ ሰዎች ሆነው ኳሱን በምድር መላካቸው ነው። ልጁ ጎንበስ ብሎ መሬት እስኪደርስ ኳሷ ገብታ፣ መረቡ ውስጥ ዕረፍት አድርጋ ትጠብቀዋለች። ባለፈው ጊዜ ከኋላዬ የተቀመጡ አንዲት እናት «ኧረ የዚህን ልጅ ወገብ በቅቤ እሹት፣ የሰው ያለህ!» እያሉ ሲጮኹ ዋሉ። እርስዎ በክብር ወንበሩ ላይ ሆነው አልሰሙ ይሆናል።

ሁለተኛ፦ ስለ ተከላካዩ። ደላላው ደረጄ አንድ ፊልም በስልክ ላከልዎ፤ በፊልሙ ላይ አንድ ባለ ቀይ ማልያ ልጅ ሦስት ሰው አከታትሎ ሲያታልል ይታያል። ኮሚቴው አንገቱን በስልኩ ላይ አጋጭቶ ካየ በኋላ «ይህን ልጅ አሁኑኑ አምጣልን!» ብሎ አጨበጨበ። ደረጄም አመጣ። ያመጣው ግን ከተታለሉት ከሦስቱ መካከለኛውን ነው። እዚህ ላይ ደረጄን ውሸታም የሚል ቢኖር እኔ ራሴ እሟገትለታለሁ፤ ልጁ ፊልሙ ላይ አለ ብሎ ነበር፤ አለ። የትኛው እንደሆነ መጠየቅ የገዢ ፈንታ ነው።

እርስዎ መግዛት የማያውቁ ሰው ቢሆኑ ኖሮ አልናገርም ነበር። በአገራችን ጥማድ በሬ የሚገዛ ሰው ጥርሱን ያያል፣ ሽቅብ ቁልቁል ያስሄደዋል፣ የሻጩን ጎረቤት ይጠይቃል፤ ቀንበር ሲነካው የሚተኛ ለጋሚ ሆኖ ከተገኘም ይመልሰዋል። እርስዎ ለግልዎ በሬ ሲገዙ በዓይኔ አይቻለሁ፤ ምላሱን ሳይቀር ጎትተው ነው የመረመሩት። በሬው እስኪያፍር ድረስ! ለክለቡ ሲሆን ግን ያ ሁሉ ዕውቀትዎ ከኪስዎ ጋር አብሮ ይዘጋል።

ሦስተኛ፦ ወደ ዋናው ምስጋናዬ ደረስኩ። ባለፈው ጥቅምት ክቡርነትዎና ኮሚቴዎ «የምልመላ ዐውደ ጥናት» ብላችሁ ወንዛዬ ፍል ውኃ ወርዳችሁ ነበር። እኔም እንደ ወትሮዬ ለጉልበቴ እዚያው ነበርኩ። ከጎኔ አንድ ደረቱ የሰፋ፣ ትከሻው የተዋበ ወጣት እስከ አንገቱ ተነክሮ «ኡህህ» ይላል። ሄኖክ ይባላል፤ ከቆላ አገር የመጣ ነው። ምን እንደሆነ ብጠይቀው «ጉልበቴን ነው አባቴ፣ ደረጃ ስወጣ እንኳ ይከዳኛል» አለኝ። ለሁለታችንም ምሕረት ለምኜ ወጣሁና በጋቢዬ ተጠቅልዬ ፀሐይ መሞቅ ጀመርኩ።

ያን ጊዜ ነው ደረጄ ኮሚቴውን እየመራ ውኃው ዳር ድረስ ያመጣችሁ። ልጁ ከውኃው ብቅ ሲል ትከሻውን አይታችሁ ሁላችሁም ተነፈሳችሁ። እርስዎ «አጥቂ ነህ አሉ፤ ለመሆኑ ታገባለህ?» ብለው ጠየቁት። ልጁ አንገቱን ደፍቶ «ኧረ ጋሼ፣ እኔ ምኑን ተጫዋች ሆንኩ፤ አልረባም፤ ጉልበቴም አይችልም» ብሎ መለሰልዎ። እርስዎም ወደ ኮሚቴው ዘወር ብለው «አያችሁት ጨዋነቱን? አስተዳደግ ማለት ይህ ነው!» አሉ፤ ኮሚቴውም በአንድ ድምፅ «ይታያል፣ ይታያል» አለ። እኔ የምትቀልዱ መስሎኝ ከልቤ ሳቅሁ። ቀልድ አለመሆኑን ያወቅሁት ሄኖክ ዘጠኝ ቁጥር ማልያ ለብሶ ሜዳ ሲገባ ነው።

እርግጥ በአገራችን ጎበዝ ሰው «አልረባም» ይላል፤ ባለሙያ ሴት ወጧን ስታቀርብ «አልጣፈጠልኝም» ትላለች፤ ደግ ልማድ ነው። ነገር ግን ክቡርነትዎ፣ የማይረባውም ሰው አንዳንድ ጊዜ እውነቱን ይናገራል! ደግሞስ ጤነኛ ሰው ፍል ውኃ ውስጥ ተዘፍቆ ምን ይሠራል? ሌላው ክለብ አጥቂ ሲፈልግ ሜዳ ለሜዳ ይዞራል፤ አጥቂውን ከሕሙማን መካከል የመረጠ ክለብ ግን ከእኛ በቀር ሰምቼ አላውቅም። እንዲያውም ያን ዕለት እኔን ቀድማችሁ አለማየታችሁ እድሌ ሆኖ ነው እንጂ፣ በአስተዳደጌ እኔም ከእርሱ አላንስም ነበር፤ የጉልበታችን ነገር እንደሆነ እኩል ነው።

ልጁን አልወቅሰውም። በመጀመሪያው ጨዋታ አንድ ጊዜ ሮጠ፤ ከጉና የሚወርደው ብርድ ደረቱን፣ የሮጠው ሩጫ ጉልበቱን ያዘውና ተቀመጠ። ከዚያ ወዲህ ከኳሷ ይልቅ ከወጌሻው ጋር ተለማምዷል። በዚህ ክለብ ውስጥ እስከ ዛሬ እውነት ሲናገር የሰማሁት ሰው ቢኖር እርሱ ብቻ ነው፤ እርሱንም እውነቱን ስለተናገረ ቀጣችሁት።

አራተኛ፦ ስለ መልካሙ። ይህን እንኳ በምስጋና ለመጻፍ ብዕሬ ቅር ብሎታል። መልካሙ የጋፋት ልጅ ነው፤ ሦስት ዓመት ሙሉ ለዚህ ክለብ ጎል ያገባው እርሱ ነው። ዐቀበቱን እየሮጠ ወጥቶ ልምምድ የሚሠራ፣ በዚያው እግሩ እየሮጠ ወርዶ ለእናቱ የሚያርስ ልጅ ነው። ጉልበቱን ለማየት ወንዛዬ መውረድ አያስፈልግም ነበር፤ መስኮት መክፈት ይበቃ ነበር። ነገር ግን ለሄኖክ ቦታና ዘጠኝ ቁጥር ማልያ ስላስፈለገ፣ ልጁ ውድማ ላይ ጤፍ ሲያበራይ «ውልህ ተቋርጧል፤ እናመሰግናለን» የሚል አጭር መልእክት በስልኩ ላካችሁለት። አንብቦ ስልኩን ኪሱ ከተተና በሬዎቹን ማዞሩን ቀጠለ። እናቱ እቴነሽ ግን ሴት ወይዘሮ ናትና ዝም አላለችም። «ውሻ እንኳ ውጣ የሚባለው ፊቱን እያዩ ነው» አለች። ይህን ቃሏን ለክቡርነትዎ እንዳደርስላት አልላከችኝም፤ እኔ በፈቃዴ አምጥቼልዎታለሁ።

በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል ይባላል። እናንተ ግን ወርቁን ከመዳብ መቁጠር አነሰባችሁና ጥላችሁት፣ በምትኩ ከፍል ውኃ ዝገት ቀድታችሁ መጣችሁ።

አምስተኛውን ባዶ ትቼዋለሁ። ኮሚቴዎ በየሳምንቱ አዲስ ነገር ስለሚጨምርልን ቦታ እንዳይጠበው ነው።

አሁን ወደ ልመናዬ። መልካሙ እስከ ዛሬ ለማንም አልፈረመም። ስለዚህ ዓርብ ማታ ምዝገባው ሳይዘጋ፣ መኪናዎን እዚሁ ትተው፣ ሁለት ሽማግሌ አስከትለው፣ እንደ አባቶቻችን ወግ ድንጋይ ተሸክመው ጋፋት ድረስ በእግርዎ ይሂዱና ከእቴነሽ ደጅ ወድቀው ይቅርታ ይጠይቁ። መንገዱ ሩቅ አይደለም፤ ለሄኖክ ካልሆነ በቀር። ድንጋዩን እኔ እመርጥልዎታለሁ፤ ለማዕረግዎ የሚመጥን፣ ከበድ ያለ። አንገትዎ ጎንበስ ማለት አልለመደም ይሉኝ ይሆናል፤ ያ የደረጄን ስልክ ለማየት የተጋጨው አንገት የማን ነበር ታዲያ?

ይህን ስል በነገር መወጋቴን ለአፍታ አቁሜ ነው። እርስዎ ቢሻሩ ሌላ ወንበር አያጡም፤ ደረጄም ሌላ ክለብ አያጣም። ወጣቶቹም ቢሆኑ ክለቡ ዘንድሮ ወርዶ ከዓመታት በኋላ ሲመለስ ያዩታል። እኔ ግን መመለሱን የምጠብቅበት ዕድሜ የለኝም። እሑድ እሑድ ልብሴን ለውጬ፣ ምርኩዜን ይዤ የምወጣበት ሌላ ቦታ ቤተ ክርስቲያን ብቻ ነው፤ እዚያ ደግሞ መጮኽ አይፈቀድም።

ከትከሻዎ በላይ ያለውን ለማሰቢያ፣ ከትከሻዎ በታች ያለውን ለአገልግሎት እንዲያደርግልዎ፣ የደረጄንም ስልክ ኔትወርክ እንዲነሳው ፈጣሪን ዘወትር እየለመንኩ፣ ለክቡርነትዎ፣ ለተከበረው ኮሚቴዎና ሲነካ ለኖረው የጽሕፈት ቤታችሁ ጉበን ያለኝን የማይነጥፍ አክብሮት አቀርባለሁ።

አያ ሙላቴ፤
ከክብር ወንበሩ ትይዩ፣ ጥላ በሌለበት በኩል የሚቀመጠው ሽማግሌ።
ረቡዕ ተጻፈ።

ከፊርማዬ በኋላ የተጨመረ፦ ደብዳቤውን ሐሙስ ጠዋት ልለጥፍ ስል እቴነሽ «አያ፣ እንግዳ መጥቶብኛልና ከጎኔ ተቀመጥልኝ» ብላ ላከችብኝ። ብሄድ የመጡት የይፋግ ቡድን ሰዎች ናቸው፤ አምስት ሆነው፣ መኪናቸውን ከታች አቁመው፣ በእግራቸው ወጥተው፣ ቆባቸውን አውልቀው «ልጅሽን ስጪን» ሲሉ ደረስኩ። እኔም በሬ ገዢ ነኝና «ስለ ጉልበቱ ምን ታውቃላችሁ?» ብዬ ጠየቅኋቸው። ትልቁ ሰውዬ «አባታችን፣ ሦስት ዓመት በእኛው መረብ ላይ ሲያገባ እያለቀስን አይተነዋል» አለኝ። ልጁ ፈረመ፤ ስለዚህ ክቡርነትዎ ጋፋት ድረስ አይድከሙ። ሲፈርም ከሽማግሌዎቹ ትልቁ እኔ ነበርኩና መርቅ ተባልኩ። እጄን ዘርግቼ «በሄድህበት ሁሉ ይቅናህ፣ የመጀመሪያው ጨዋታህ በሦስት ጎል ይባረክ» አልኩት። የመጀመሪያው ጨዋታው የፊታችን እሑድ፣ በእኛው ሜዳ፣ በእኛው በረኛ ላይ መሆኑ ትዝ ያለኝ ቤቱ ሁሉ «አሜን» ካለ በኋላ ነው።