መስመሮቹ የሚገናኙበት ወር

ጥቅምት 11፣ ሰኞ

ከቡልቡላ እስከ ቦሌ መድኃኔዓለም አውቶቡስ ላይ ቆሜ። ቢሮ ስገባ አለቃዬ ወይዘሮ አፀደ ጠረጴዛዬ አጠገብ ቆመው ይጠብቁኛል።

ድርጅታችን ለጤና ጣቢያዎች የውሃ ጉድጓድ ያስቆፍራል። የኔ ሥራ ቁጥሩን ኤክሴል ላይ እያስገቡ ግራፍ ማውጣት ነው። የአንዱ ጉድጓድ ውሃ እየቀነሰ፣ ፍጆታው እየጨመረ... ሁለት መስመር።

"የት ላይ ነው የሚገናኙት?"

"እዚህ አካባቢ" ብዬ በጣቴ አሳየሁ።

"ሰምሃር፣ አካባቢ አይበቃኝም። ወሩን ንገሪኝ።"

ግራፉን ባተልቀው ባሳንሰው ወፍ የለም። መስመሩን ይሥላል እንጂ የት እንደተገናኘ አይናገርም።

ጥቅምት 12፣ ማክሰኞ

ቢሩክ ገላገለኝ። ከጎኔ ነው የሚቀመጠው። "በዓይንሽ አትፈልጊው" አለኝ። እያንዳንዱ መስመር መነሻ አለው፤ በየወሩ የሚወርድበት ወይም የሚወጣበት ልክ አለው። ሁለቱንም ኤክሴል ያወጣል። የመነሻቸውን ልዩነት ለልካቸው ልዩነት ማካፈል ብቻ። መልሱ ወሩ ነው።

ይሄ ነው? ትምህርት ቤት ተምሬዋለሁ እኮ...

"መስመሩ እንዲሁ ከቀጠለ ነው ታዲያ" አለ ቢሩክ፣ ወደ ስልኩ እየተመለሰ።

ጥቅምት 15፣ ዓርብ

የእማዬ ቀጠሮ። ሦስት ሰዓት ወረፋ። የኩላሊቷ አቅም ከመቶ አሥራ ስምንት ደርሷል። አምና ሠላሳ ነበር።

ዶክተር ደጀኔ ለብቻዬ ጠራኝ። ወደ አሥር ሲወርድ እጥበት መጀመር አለባት። ከዚያ በፊት ደግሞ ክንዷ ላይ ቀዶ ጥገና... የደም ሥሮቿን አገናኝተው ለማሽኑ ያዘጋጁታል። እስኪደርስ ወራት ይፈጃል።

"አሥር የሚገባው መቼ ነው?"

"እሱን በትክክል መናገር አይቻልም።"

እማዬ ኮሪደሩ ላይ ስትጠብቀኝ እንቅልፍ ወስዷታል። ቦርሳዬን አቅፋ።

ጥቅምት 17፣ እሑድ

ባልሠራው ይሻል ነበር።

የድሮ የምርመራ ወረቀቶቿን ሰብስቤ ቁጥሩን አስገባሁ። አንዱ መስመር ቁልቁል ይወርዳል። ሌላው አሥር ላይ ተጋድሟል። ቢሩክ እንዳሳየኝ አካፈልኩ።

ሰኔ።

ተነስቼ ሳህን አጠብኩ። የታጠበውንም ደግሜ አጠብኩት መሰለኝ።

ለቃልአብ ደወልኩለት። ወንድሜ እዚሁ አያት ሰፈር ነው የሚኖረው፣ ሆስፒታል ግን ዝር ብሎ አያውቅም። ሽታው አይሆነኝም ይላል። "እንዳትነግሪያት! በሽተኛ እንዲህ ያለ ነገር አይነገረውም። በድንጋጤ ትገድያታለሽ" አለኝ። እሺ አልኩ።

ጥቅምት 25፣ ሰኞ

ቀዶ ጥገናውን አንስቼባት ተጣላን። "ደህና ነኝ። እበላለሁ፣ እራመዳለሁ። ደህና ክንዴን ለምን አስቆርጣለሁ?"

የሷ ሐሳብ ሌላ ነው። ለገና መቀሌ መሄድ። ወንድሟን አጎቴ ኣምደሚካኤልን ከጦርነቱ በፊት ነው ያየችው። ስልክ ጠፍቶ በነበረበት ጊዜ ሞቷል ብላ አልቅሳለታለች። አሁን በየቀኑ ይደዋወላሉ። በድምፅ ብቻ ግን አልጠገበችም።

እኔስ? በሽታዋን አውቄ ዝም፣ ናፍቆቷን አውቄ ዝም። ደከመኝ።

ኅዳር 1፣ እሑድ

ነገርኳት።

ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ላፕቶፑን ከፍቼ ፊቷ አስቀመጥኩት። መነጽሯን አደረገች። አራተኛ ክፍል ሒሳብ ስታስተምር ነው ጡረታ የወጣችው፤ ግራፍ አይጠፋባትም።

"ይሄ ቁልቁል የሚሄደው እኔ ነኝ?"

"አዎ።"

"የተጋደመውስ?"

"ማሽኑ።"

ጣቷን መስመሩ ላይ አስኬደችው። የሚገናኙበት ጋ ስትደርስ አቆመች። "ሰኔ" አለች ራሷ።

ታለቅሳለች ብዬ ነበር። "ለካ ይሄን ይዘሽ ነው እንዲህ የከሳሽው፣ ጓለይ፣ ልጄ" አለችኝ። ያለቀስኩት እኔ።

ቀጥላ ደግሞ፣ "እንግዲያ እስከ ሰኔ ነጻ ነኝ። ገናን መቀሌ ደርሼ ልምጣ።"

"መጀመሪያ ክንድሽ ይሠራ። ለፋሲካ ትሄጃለሽ። ሰኔ ሩቅ ነው፣ ይኸው እያየሽው።"

ግራፉን ደግማ አየችው። "እሺ" አለች። ይሄን ያህል ሳታምነኝ ብትከራከረኝ ይሻለኝ ነበር።

ኅዳር 20፣ ዓርብ

ቀጠሮ ተያዘ። ታኅሣሥ 7። ቃልአብ ለምን ነገርሻት ብሎ ስልኬን አያነሳም።

ታኅሣሥ 7፣ ሰኞ

ቀዶ ጥገናው አለቀ። ክንዷ ላይ የተሠራውን ስዳስሰው እንደምታንኮራፋ ድመት ይርገበገባል። ሐኪሙ ጥሩ ምልክት ነው አለ። እሷ አትወደውም፤ በነጠላዋ ትሸፍነዋለች።

ጥር 19፣ ሰኞ

የምጽፈው የለም። ሥራ፣ ወረፋ፣ ሥራ። ለፋሲካ የአውሮፕላን ትኬት ቆረጥኩላት። ለአጎቴ የምትወስደውን ሹራብ ከአሁኑ ሻንጣ ውስጥ አጣጥፋ አስቀምጣለች።

የካቲት 27፣ ሐሙስ

ትኩሳት አላት። ጉንፋን ነው ትላለች። ጉንፋን ነው?

መጋቢት 2፣ ማክሰኞ

የሳንባ ምች ነው። ከትናንት ጀምሮ ሆስፒታል ተኝታለች። የኩላሊቷ አቅም ሰባት።

ሰባት! ባለፈው ወር አሥራ አራት ነበር...

"ኢንፌክሽን ሲገባ እንዲህ ነው፤ በአንዴ ይጥለዋል" አለ ዶክተር ደጀኔ። ዛሬውኑ እጥበት ጀመሩላት። "ክንዷ መድረሱ በጀን። ባይሆን አንገቷ ላይ ቱቦ እናስገባ ነበር፤ በዚህ አቅሟ እሱን እፈራው ነበር።"

ጎበዝ ልጅ ነሽ አለኝ። ምኑ ነው ጉብዝናው? ሰኔ ያልኳት እኔ፣ መንገዷን ያስቀረሁት እኔ።

መጋቢት 5፣ ዓርብ

ትኩሳቱ ለቀቃት። እጥበቱ ይቀጥላል... ሰኞ፣ ረቡዕ፣ ዓርብ። እስከ መቼ? እስከ ሁልጊዜ።

"መቀሌ ቀረ አይደል?" አለችኝ።

"ቀረ። እኔ ነኝ ያስቀረሁብሽ።"

"ክንዴን ያሠራሽውም አንቺ ነሽ። አንዱን ብቻ እየመረጥሽ አትቁጠሪ።" ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። አጠገቧ ተቀመጥኩ፣ ሌላ ምን አደርጋለሁ?

ቃልአብ ሆስፒታሉ በር ድረስ መጥቶ ብርቱካን በዘበኛው ላከ።

መጋቢት 22፣ ሰኞ

ከማሽኑ አድርሼ ቢሮ፣ ከቢሮ ወጥቼ ማሽኑ። ወይዘሮ አፀደ ምንም አይሉኝም፤ ዝምታቸውም ያደክማል።

ዛሬ ለአጎቴ ደወልኩላቸው። ሁሉንም ነገርኳቸው። "እሷ ካልቻለች እኔ እግር የለኝም ወይ?" አሉና ዘጉት።

ሚያዝያ 8፣ ረቡዕ

ላምበረት መናኸሪያ። አውቶቡሱ ዘግይቶ ገባ። ቃልአብ ነው መኪናውን ይዞ የመጣው፤ ቁርሾው እንዲሁ ሳንነጋገርበት አለፈ። አጎቴ ባሳለፍነው ዘመን አጥረዋል። ወይስ እኔ ነኝ የረዘምኩት? አንገቴን አቅፈው ብዙ ቆዩ።

"የት ናት?"

"እጥበት ላይ።"

"በቀጥታ ወደዚያ።"

ቃልአብ መኪና ውስጥ እጠብቃለሁ አለ። አጎቴ ክንዱን ይዘው እየጎተቱ አስገቡት። እማዬ ስታያቸው ልትነሳ ሞከረች፤ ነርሷ "ክንድ እንዳይንቀሳቀስ!" ብላ ጮኸች። በቀረው እጇ ፊታቸውን ዳበሰች፤ ጆሯቸውን፣ ጢማቸውን፣ እንደ ዓይነ ስውር። ቃልአብ አጠገቤ ቆሞ ይንሰቀሰቃል።

ሚያዝያ 10፣ ዓርብ፣ ስቅለት

ማሽኑ በዓል አያውቅም። አጎቴ ስግደቱን አቋርጠው መጥተው እንደጾሙ አጠገቧ ተቀመጡ። በልጅነታቸው ከአጎራባች ግቢ በለስ የሰረቀው ማን እንደነበር ሲከራከሩ ሰማኋቸው። እማዬ ሳቀች። ከመቼ ወዲህ?

በዚያው ሳቋ መሐል ወደ እኔ ዞር አለች። "አንቺ ምን ትሠሪያለሽ እዚህ? ወንድሜ አለ። ሂጂና ተኚ።"

"እስኪያልቅ ልቆይ..."

"ሂጂ አልኩሽ!" የአስተማሪ ድምጿ።

ቤት ገብቼ ጫማዬን ሳላወልቅ አልጋው ላይ ወደቅኩ። ሊወስደኝ ሲል ቃልአብ ደወለ።

"ሰኞ ስንት ሰዓት ነው የምትገባው? እኔ ነኝ የምወስዳት።"

"አንድ ሰዓት ተኩል። ብርድ ልብስ ያዝላት፣ ይበርዳታል።"

"እሺ። ከዚያስ? ውስጥ አብሬያት መቀመጥ እችላለሁ?"

"ትችላለህ" አልኩት።