ሟቹን አያቴን ከአበልጃቸው ጋር ስለ መዳሬ

ለተከበራችሁ የዘር ሐረግ መመዝገቢያ ፕሮግራም ባለቤቶች፤

ጤናችሁ እንደ ምን ሰንብቷል? ማሽኖቻችሁስ? እኛ እዚህ ኦኮዋ ተራራ ሥር መብራት ሲኖር ደህና ነን፤ ሲጠፋም ቢያንስ ከእናንተ ጥያቄ እናርፋለን።

አስቀድሜ ኃጢአቴን ልናዘዝ። ዛሬ ከምሳ በኋላ የአያቴ ወንድም ዶን ቤኒግኖ በተወዛዋዥ ወንበራቸው ላይ አፋቸውን ከፍተው ሲያንኮራፉ፣ ኮምፒውተራቸው ውስጥ ገብቼ በፕሮግራማችሁ ላይ ሟቹን አያቴን፣ የእናቴን አባት፣ ድሬአለሁ። ሙሽራዪቱ ያሳደገችኝ ፊያ ናት። ሁለቱም አልተጠየቁም። ለዚህ ያበቁኝን ምክንያቶች በትሕትና አቀርባለሁ፦

፩. እናቴ ለሥራ ስፔን ስትሄድ ገና አልዳህኩም ነበር። ፊያ እናቴን ክርስትና ያነሳች ናትና፣ «ልጁን ስጪኝ» ማለት እንኳ ሳያስፈልጋት መጥታ ወሰደችኝ፤ አፌን የፈታሁት እሷን «እማዬ» ብዬ ነው። በእኛ ሰፈር ያሳደገ ወላጅ ነው፤ ወረቀት የጠየቀ የለም። እናንተ ግን «በደም? በጋብቻ? በጉዲፈቻ?» ብላችሁ የምርጫ ሣጥን ደረደራችሁ። ዶን ቤኒግኖም ዕድሜ ልካቸውን ያስተማሩ ሰው ናቸውና ባዶ ሣጥን ስለማይወዱ፣ «ዝምድና የለም» የሚለውን መረጡላት። ማን እንዳጎረሰኝ ስላስረዳችሁኝ አመሰግናለሁ።

፪. ደጃችንን ረግጦ የማያውቀው አባቴ በዘር ሐረጉ ዛፍ ላይ በወፍራም መስመር፣ ከነፎቶው ተቀምጧል። ለጨዋነታችሁ ቃላት የለኝም።

፫. እሑድ ዘመድ ሁሉ ሲሰበሰብ የዘር ሐረጉ በሸራ ታትሞ ግቢያችን ያለው የማንጎ ዛፍ ላይ ይሰቀላል። ለዚያ ሁሉ ሰው ሳንኮቾ የሚባለውን የሥጋ ሾርባ የምትቀቅለው ፊያ ናት። ባለፈው ሾርባው ውስጥ የሚገባውን የዩካ ሥር እየላጠች፣ «እኔንስ የት አደረጋችሁኝ? ዳር ላይም ይበቃኛል» አለችኝ። ዶን ቤኒግኖን ብለምናቸው፣ «እኔ ምን ላድርግ ልጄ፣ ማሽኑ እኮ እምቢ አለ!» አሉኝ። ሰው እምቢታ ሲነገረው እንዲህ ደስ ሲለው አይቼ አላውቅም።

ስለዚህ ዳርኳት። ማሽናችሁ ምንም ሳይጠይቅ ተቀበለ፤ ልብም ሣለበት። ችግሩ ፊያና አያቴ አበልጆች ናቸው፤ አበልጅን ማግባት ደግሞ እዚህ እኅትን ከማግባት አይተናነስም። ለዚህም ሣጥን ስለሌላችሁ አልጠረጠራችሁም። አሁን ጋብቻውን ባፈርሰው ከዘር ሐረጉ ዛፍ ትወድቃለች፤ ብተወው በዘመድ ፊት ታፍራለች። ሸራው ነገ ወደ ማተሚያ ቤት ይሄዳል። እስከዚያ «አሳደገ» የምትል አንዲት ሚጢጢ ሣጥን ብትገኝ፣ እባካችሁ። ደክሞኛል።

ለገዛ እናታችሁ ሣጥን ከመለመን ፈጣሪ ይሰውራችሁ እያልኩ እጅ የምነሳ፣
ትሑት አገልጋያችሁ ኤስመርሊን

ማስታወሻ፦ ማሽናችሁን የሚያህል ታማኝ የለም። ዶን ቤኒግኖ ገና ከመንቃታቸው «እንኳን ደስ አለዎ፣ አዲስ ጋብቻ!» ብሎ ነገራቸው። ፊያን ጠርተው እያሳዩአት ነው። ይኸው ድምፅዋ እስከ ጓሮ መጣ፦

«ኤስመርሊን! አንተ ኤስመርሊን! ከአበልጄ ጋር የዳርከኝ አንተ ነህ?»

አቤት እማዬ!