ከዶቅዶቄ መውረድ

ማክሰኞ፣ ጥቅምት ፲፭ ቀን ፲፱፻፴፩ ዓ.ም.፣ ከቀኑ ፰ ሰዓት

ከተማው ምሳውን በልቶ ሲተኛ እንቅልፍ እምቢ ያለው ሰው ምን ይሥራ? አንተም ይህን ሳትጠይቀኝ አትቀርም፣ ማስታወሻዬ። እኔ ዶቅዶቄ እነዳለሁ። የጋራዡ አለቃ፣ ካፖ የምንለው ጣሊያን፣ ጫማውን አውልቆ ያንኮራፋል። ጠዋት የተጠገነውን ከሰዓት መሞከር የኔ ሥራ ነው። እስከየት እንደምሞክር ግን አልነገረኝም።

ዛሬ ከደሴ ፒያሳ ወርጄ የገራዶን መንገድ ያዝሁ። እንዲሁ፣ ሳላስብ። አቧራ። የጤፍ ማሳ። ጮክ ብዬ ዘፈንሁ፤ የሰማኝ የለም። ት/ቤት ሳለን መሐንዲስ እንሆናለን፣ ድልድይ እንሠራለን ስንል ነበር። ጦርነቱ መጣ። አብረውኝ ከተመረቁት ማን በሕይወት አለ፣ ማን የለም፣ አላውቅም። እኔ ደሴ ለካፖ አስተረጉማለሁ። እሱም የሚያናግረኝ ስለ ብሎን ብቻ ነው።

ሐሙስ፣ ጥቅምት ፲፯፣ ማታ

ከገራዶ ወዲህ፣ አቀበቱ ላይ አንዲት መንደር አለች። የዶቅዶቄዋን ድምፅ ሲሰሙ እናቶች ልጆቻቸውን እየጎተቱ ገቡ። በር ተዘጋ። አንድ ሽማግሌ ብቻ ከዋርካው ሥር ቀሩ። አሰላሙ ዓለይኩም አልሁ፣ ሞተሩ ድምፄን እንዳይውጠው እየጮህሁ። አላጠፋሁትም፤ አንዴ ከጠፋ ማስነሣቱ መከራ ነው፣ እስክመለስ ካፖ ይነቃል።

ሽማግሌው አዩኝ። ጀርባቸውን ሰጡኝ።

የሞተሩን ጩኸት ፈርተው ነው፣ አልሁ ለራሴ። እራት አልበላሁም።

ሰኞ፣ ጥቅምት ፳፩

እንደገና ሄድሁ። ጅል! አሁንም ከዶቅዶቄዋ ሳልወርድ፣ ጥርሴን እያሳየሁ። ውሃ የተሸከሙ እናት መንገዱ መሐል ቆሙብኝ። ኋላ እንደሰማሁት የሽማግሌው፣ የሼህ እንድሪስ ሚስት ናቸው፤ እመት ዘሐራ ይሏቸዋል።

«አንተ ልጅ፣ ያሳደገህ የለም? ፈረንጅ እንዳንልህ ፊትህ የኛ። የኛ እንዳንልህ ሽማግሌ ፊት ተፈናጥጠህ ሰላም ትላለህ!»

አባቴ ትልቅ ሰው ሲያይ ከበቅሎ ይወርዳል፤ ልጓሙን ይዞ በእግሩ ያልፋል። እኔም ያደግሁት እንዲሁ ነው። ዶቅዶቄም ኮርቻ እንዳላት እንዴት ጠፋኝ?

ስመለስ ሌላ ወሬ። ዓርብ ጠዋት ከካፖ ጋር በካሚዮን ተጭነን ወደ ኮምቦልቻ እንዛወራለን። አዲስ ጋራዥ፣ አዲስ ማሽን፣ ደመወዝም ይሻላል። እዚያ ግን ሥራው እስከ ማታ ነው፤ የከሰዓት ሙከራ የለም። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር።

ረቡዕ፣ ጥቅምት ፳፫፣ ማታ

ስማኝ! ዛሬ መንደሩ ሳልደርስ ሞተሩን አጠፋሁ። ወረድሁ። መሪውን ይዤ አቀበቱን ገፋሁ። ላብ በላብ። መጀመሪያ አንድ በር ተከፈተ፣ ቀጥሎ ሌላ።

«ምነው፣ በቅሎህ ገብስ አልበላችም?» አለ አንዱ ጎልማሳ ከአጥር ላይ።

«ሰኞ ስትበር አልነበር? ዛሬ አነከሰች!» አለ ሌላው።

ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ሼህ እንድሪስ ብድግ አሉ። ለኔ! እጃቸውን ሳምሁ፣ እጄን ሳሙ። አጎዛ ተነጠፈ። እናትህ ደኅና ናት? አባትህስ? አዝመራችሁ? ከብቶቹ? ደሴ ከገባሁ ወዲህ ይህን የጠየቀኝ ሰው የለም። ደኅና ናቸው፣ ደኅና ናቸው እያልሁ መለስሁ። እመት ዘሐራ ከጓዳ ወጡ፦ «ክርስቲያን ነህ፣ ቀኑም ረቡዕ ነው። ወተት አልልህም፤ እንካ፣ የባቄላ እሸት።»

ስለ ጓደኞቼም ነገርኋቸው። ሼህ እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። ዓርብ ከሶላት በኋላ ዱዓ አለ፤ የጠፉትን ልጆች ስም ይዘህ ና፣ እኛ እንለምንላቸዋለን፣ አንተ አሚን ትላለህ፣ አሉኝ።

መመለሻ ላይ ሞተሩ አልነሣ አለ። መንደሩ በሙሉ ገፋኝ፤ «ቢስሚላህ!» እያሉ። ካፖ በር ላይ ቆሞ ጠበቀኝ። ጮኸ። ይጩህ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት ፳፬

ጠዋት ካፖን አንድ ቀን ብቻ እንዲፈቅድልኝ ለምኜው ነበር። ካሚዮኑ ላይ ካልወጣህ ሥራም የለህ፣ አለኝ። ቀኑን ሙሉ ወዲያና ወዲህ ስል ዋልሁ። የኮምቦልቻው አዲስ ማሽን ያጓጓኛል፤ አልዋሽህም። መሐንዲስ የመሆን ሕልሜ ምናልባት የሚጀምረው እዚያ ነው። የጓደኞቼን ስም ግን ከኔ በቀር ማን ይጠራል?

ቆረጥሁ። ነገ የገራዶን መንገድ በእግሬ እወጣለሁ። ዶቅዶቄዋን አልነካትም፤ የካፖ ናት። ሥራ ሌላ ይገኝ ይሆናል። ገና ወጣት ነኝ፣ ሞተር ፈትቼ እገጥማለሁ።

አንድ ነገር ብቻ። ስማቸውን ስጠራ ልቅሶ እንዳይቀድመኝ ፈራሁ። ማስታወሻዬ፣ በደረት ኪሴ እይዝሃለሁ። እኔ አሚን ስል አንተም አሚን በል። እሺ? እሺ በለኝ እስቲ፣ አንተ እንኳ—